ልጅ ይዞ የዱር ተርኪ ማደን፦ ቦታ ማጥናት፣ መጥራት፣ ሲበላሽ ደግሞ ማስተካከል

ስህተቱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። አባት ለልጁ ካሞፍላጅ ይገዛል። ዩቲዩብ ላይ ሁለት ቪዲዮ ያያል። ቅዳሜ ሌሊት ተነስቶ ጫካ ይገባል፣ መጀመሪያ ባገኘው ዛፍ ሥር ቁጭ ይላል፣ የወፉን ድምፅ የሚያስመስለውን መጥሪያ ያንጫጫል። ምንም አይመጣም። ፀሐይ ወጥታ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ልጁ በረደኝ ይላል፣ ትንሽ ቆይቶ ስልክ ይጠይቃል፣ ከዚያ መኪና ውስጥ ናቸው። በዓመቱ "እንሂድ?" ሲባል ልጁ ኳስ ልምምድ አለብኝ ይላል።

እኔም በመጀመሪያው ዓመት ያደረግኩት ይህንኑ ነው። አሁን ደንቤ ቀላል ነው፤ ልጁን ጫካ ከማስገባቴ በፊት ተርኪው የት እንደሚያድር፣ በየት በኩል እንደሚወርድና ወርዶ ወዴት እንደሚሄድ ካላወቅኩ አልወስደውም። መጥራት ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው።

የምጽፈው ስለ ቨርጂኒያ ነው፤ የማድነው እዚያ ስለሆነ። ሜሪላንድ፣ ጆርጂያ ወይም ሚኒሶታ ያላችሁ ሰዎች ቀኑንና ሕጉን ከግዛታችሁ መመሪያ ተመልከቱ። የወፉ ጠባይ ግን ያው ነው።

ስለ ቃላት አንድ ነገር። ትልቁን ወንድ "አውራው" እለዋለሁ፣ የዓመቱን ወንድ ደግሞ "ወጠጤው"፤ አሜሪካኖቹ ጎብለርና ጄክ የሚሏቸው ናቸው። መጥሪያዎቹንና ድምፆቹን ግን ሱቅ ስትገቡ እንዳትቸገሩ በእንግሊዝኛ ስማቸው ትቻቸዋለሁ።

ደረጃ 1፦ ወረቀቱንና ቀኑን ጨርሱ (ጃንዋሪ–ፌብሯሪ)

በቨርጂኒያ የፀደዩ ተርኪ አደን አብዛኛውን ጊዜ በኤፕሪል ሁለተኛው ቅዳሜ ይከፈታል። ከዚያ በፊት ባለው ቅዳሜና እሑድ ዕድሜያቸው 15 እና ከዚያ በታች ለሆኑ ልጆች የተለየ ቀን አለ። አዋቂው አብሮ ይቀመጣል፣ መጥራትም ይችላል፣ ራሱ ግን አይተኩስም። ይህን ቀን አትለፉት። አውራዎቹ ገና በሌላ አዳኝ ስላልተረበሹ ለልጅ ከዓመቱ የተሻለው ጠዋት ይህ ነው።

በፀደይ የሚፈቀደው ደረቱ ላይ ጺም ያለው ብቻ ነው። የተኩስ ሰዓት የሚጀምረው ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት በፊት ነው፣ በወቅቱ የመጀመሪያ ሳምንታት ደግሞ እኩለ ቀን ላይ ይቆማል። የተቀዳ ድምፅ በስፒከር እያጫወቱ መጥራት ክልክል ነው፤ "ስልኬ ላይ አለኝ" የምትል ቀልድ ሳትመጣ ልንገራችሁ። የዘንድሮውን ቀንና ሰዓት ከግዛቱ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት መመሪያ ላይ ራሳችሁ አንብቡ። ልጁ የአዳኝነት ትምህርት ያስፈልገው እንደሆነም እዚያው ታያላችሁ። ባያስፈልገውም አብራችሁ ውሰዱት።

ቦታስ? የግል መሬት ካገኛችሁ ከሁሉ ይሻላል፣ በተለይ ለልጅ። ገበሬውን በጃንዋሪ ሂዳችሁ በአካል ጠይቁት፣ ልጁንም ይዛችሁ ሂዱ። በስልክ "አይሆንም" የሚል ሰው የ11 ዓመት ልጅ ቆሞ ሲያይ ብዙ ጊዜ ይለዝባል። ፈቃዱን በጽሑፍ ተቀበሉ። አጥር ባይኖርም በሐምራዊ ቀለም የተቀባ ግንድ ካያችሁ አትግቡ ማለት ነው። የሕዝብ መሬት ከሆነ የጆርጅ ዋሽንግተንና ጄፈርሰን ብሔራዊ ደኖች ሰፊ ናቸው፤ ከአሌክሳንድሪያ ወይም ከፌርፋክስ ለሚነሳ ደግሞ ፎኪየር ካውንቲ ውስጥ ያሉት የግዛቱ የአደን ቦታዎች ይቀርባሉ። ሸነንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ማደን ክልክል ነው። ተርኪ መንገድ ዳር ቆሞ ሲያያችሁ ልባችሁ አይነሳሳ።

ደግሞም የኛ ነገር አለ። የአደኑ ወቅት ከዐቢይ ጾም ጋር ይጋጫል። በ2026 ፋሲካ ኤፕሪል 12 ነው፣ ስለዚህ መክፈቻው ቅዳሜ ቀዳም ሥዑር ላይ ይውላል፣ የልጆቹ እሑድ ደግሞ ሆሳዕና ነው። በ2027 ፋሲካ ሜይ 2 ስለሆነ ከፋሲካ በኋላም ወቅቱ ገና አያልቅም። የሚጾም ቤተሰብ ከሆናችሁ ይህን ከባለቤታችሁ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ሥጋው ፍሪዘር ገብቶ ፋሲካን ይጠብቃል? ያልታረደ ሥጋስ ቤት ውስጥ ይበላል? እናቴ በስልክ የጠየቀችኝ የመጀመሪያው ጥያቄ "ማን ባረከው?" የሚል ነበር። የየቤቱን መልስ እኔ አልሰጥም፣ ንስሐ አባት ላለው ንስሐ አባቱ አለ። ብቻ ልጁ ደስ ብሎት ወፉን ተሸክሞ በር ላይ ከደረሰ በኋላ ክርክር አትጀምሩ።

ደረጃ 2፦ ልጁና ጠመንጃው

ለልጅ ሰደፉ አጠር ያለ ባለ 20 ጌጅ ሾትጋን ይበቃል (ሾትጋን ጥይቱ ብዙ ፍሬ የሚበትን ጠመንጃ ነው፣ ጌጅ ደግሞ የአፈሙዙ ስፋት መለኪያ)። አንድ ነገር ግን አደራ፦ የተርኪ ጥይት ይራገጣል፣ በጣም። ልጁ በመጀመሪያው ቀን ትከሻው ከተመታ ከዚያ በኋላ ቃታ በሳበ ቁጥር ዓይኑን ይጨፍናል። ስለዚህ ልምምዱን ሁሉ ቀላል በሆነ የዒላማ ጥይት አድርጉት። ከባዱን ጥይት ወረቀት ላይ የምትሞክሩት እናንተ ናችሁ። ጫካ ውስጥ ተርኪ ፊቱ ቆሞ እያለ ምቱ ለልጁ አይሰማውም።

አሞካከሩ እንዲህ ነው፦

1. ትልቅ ወረቀት ስቀሉ፣ መሐሉ ላይ 10 ኢንች ስፋት ያለው ክብ አድርጉ።
2. ከ20፣ ከ25፣ ከ30 ያርድ አንድ አንድ ጊዜ ተኩሱ። በየርቀቱ አዲስ ወረቀት ስቀሉ።
3. ክቡ ውስጥ የገቡትን ፍሬዎች ቁጠሩ። ወደ 100 የሚጠጋ ፍሬ ያረፈበት ርቀት የዚያ ጠመንጃ የመጨረሻ ርቀት ነው።
4. ለልጅ ከዚያም ቀንሱ። የኔ ልጅ ወሰን 25 ያርድ ነው። ጠመንጃው 40 ቢደርስም የልጁ ልብ ምት አይደርስም።

ጠመንጃው ሁልጊዜ ባለ ሦስት እግር ድጋፍ ላይ ይቀመጥ። ልጅ ሾትጋን አንስቶ አሥር ደቂቃ ያለ እንቅስቃሴ ሊይዝ አይችልም፤ አዋቂም አይችልም፣ እውነቱን እናውራ። ቤት ውስጥ ባዶ መሆኑን ሁለታችሁም ካረጋገጣችሁ በኋላ አስለምዱት፦ ቁጭ፣ ሰደፍ ትከሻ ላይ፣ ጉንጭ ሰደፍ ላይ፣ ሴፍቲ (ጠመንጃው እንዳይተኩስ የሚይዘው ቁልፍ) እንደተቆለፈ፣ ጣት ከቃታው ውጭ። "አሁን" እስክትሉት ሴፍቲ አይነካም። ይህን ሃያ ጊዜ አድርጉት፣ ሰልችቶት እስኪስቅ።

ጆሮ መከለያ እንዳይረሳ። ጫካ ውስጥም።

ደረጃ 3፦ ቦታ ማጥናት (ማርች – ኤፕሪል መጀመሪያ)

የሚያድነውና የማያድነው ሰው የሚለየው እዚህ ነው።

መጀመሪያ በካርታ። ስልካችሁ ላይ የሳተላይት ምስል ክፈቱ። የምትፈልጉት ሦስት ነገር ተጠጋግቶ የሚገኝበትን ቦታ ነው፦ ትልልቅ ዛፍ ያለበት ገደል አፋፍ ወይም ተዳፋት፣ በቅርብ ያለ ጅረት፣ ከዚያ ደግሞ ክፍት ቦታ፤ ማሳ፣ ግጦሽ ወይም የድሮ እንጨት ማመላለሻ መንገድ። ተርኪ እንደ ዶሮ ነው፤ ሲመሽ ቆጥ ላይ ይሰፍራል፣ ሲነጋ ይወርዳል። ቆጡ ዛፍ መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ።

ከዚያ በጆሮ። ፀሐይ ከመውጣቷ 45 ደቂቃ ቀድማችሁ ድምፅ የሚሰበስብ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቁሙ። ነፋስ የሌለበትና ጥርት ያለ ጠዋት ምረጡ። በኤፕሪል አጋማሽ ፀሐይ የምትወጣው 12 ሰዓት ከሠላሳ አካባቢ ነው፣ ስለዚህ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከአርባ አምስት ላይ ቦታችሁ ላይ መሆን አለባችሁ። በኛ አቆጣጠር ነው የምላችሁ። አንድ ወዳጄ በአሜሪካ ሰዓት መስሎት እኩለ ቀን ሊሆን ሲል ደውሎልኛል።

አውራው ቆጡ ላይ ሆኖ ይጮሃል። ካልጮኸ በጉጉት ድምፅ አስነሱት። የዚያ አገር ጉጉት ስምንት ጊዜ ሰብሮ የሚጮህ ነው፤ አራት፣ ትንሽ ዝም፣ አራት። አውራ ተርኪ ድንገተኛ ድምፅ ሲሰማ ሳያስበው ይመልሳል፣ የመኪና በር ሲዘጋ እንኳ የሚመልስ አለ። ፀሐይ ከወጣች በኋላ የቁራ መጥሪያ ይሻላል።

አሁን ማስጠንቀቂያው፦ በጥናት ጊዜ የሴት ተርኪ ድምፅ አትጥሩ። በፍጹም። አንዴ ከመክፈቻው ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ልጄ "አባዬ አንዴ ብቻ፣ ቪዲዮ ልቅረጽ" አለኝና ጠራሁት። መጣ። ሠላሳ እርምጃ ላይ ቆመ፣ አንገቱን አሰገገ፣ ስልኩን አየ፣ "ፐት!" ብሎ ጠፋ። በመክፈቻው ሳምንት ከዚያው ዛፍ ላይ በየቀኑ ጮኸልን፤ አንድ ቀን ግን አልመጣም። ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ካራ ይባል የለ፤ እኔም ጠርቼ ጠርቼ የራሴን አደን አረድኩ።

ከዚያ በዓይን። ረፋዱ ላይ፣ ወፎቹ ከቆጡ አካባቢ ከራቁ በኋላ፣ ምልክት ፈልጉ፦

ኩስ። የወንዱ ረዘም ብሎ ጫፉ ይታጠፋል፣ እንደ ዱላ እጀታ። የሴቷ የተጠቀለለ ጉብታ ነው። አንድ ዛፍ ሥር ብዙ ኩስ ከተከማቸ ቆጡን አግኝታችሁታል። ዙሩና ውጡ፣ ደጋግማችሁ አትመለሱበት።

ላባ። የደረት ላባው ጫፍ ጥቁር ከሆነ ወንድ፣ ቡናማ ከሆነ ሴት።

ዱካ። እርጥብ አፈር ላይ ከ4 ኢንች በላይ የሚረዝም ባለ ሦስት ጣት ዱካ በአብዛኛው የአውራ ነው። በዱካው ግራና ቀኝ ሁለት ቀጫጭን መስመር ካለ ደግሞ ክንፉን መሬት እየጎተተ የተጀነነበት ቦታ ነው። ይህን ቦታ ካርታችሁ ላይ በቀይ ምልክት አድርጉበት፤ አውራው በየቀኑ እዚያው ተመልሶ የመጀነን ልማድ አለው፣ ልጁ የሚቀመጠውም እዚያ አጠገብ ነው።

የተጫረ ቅጠል። ዶሮ ግቢ እንደምትጭረው ነው። ከሥር ያለው አፈር ገና እርጥብ ከሆነ ቅርብ ጊዜ ነው። አፈር የሚታጠቡበት ጎድጓዳ አቧራም ይኖራል።

አንድ ቦታ አይበቃም። ቢያንስ ሦስት ያዙ። በማርች መጀመሪያ ላይ ገና በክረምት መንጋቸው ስለሚሄዱ ሃያ ወፍ ያያችሁበት ማሳ በኤፕሪል ባዶ ሊሆን ይችላል። ከሁሉ የሚታመነው ከመክፈቻው በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ያያችሁት ነው። በየጊዜው ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ከየትኛው አቅጣጫ እንደጮኸ፣ ወርዶ ወዴት እንደሄደ ስልካችሁ ላይ ጻፉ። "አስታውሰዋለሁ" ማለት አያዋጣም፣ ጫካ ጠዋት ጠዋት ሁሉም ቦታ ይመሳሰላል።

ልጁን አንድ ሁለቴ ብቻ ውሰዱት፣ ያውም ለማዳመጥ። በየሳምንቱ ሌሊት መቀስቀስ ልጅ ያስመርራል።

ደረጃ 4፦ መጥሪያውን ተለማመዱ

ሦስት ዓይነት አለ። ሳጥን የሚመስለው ቦክስ ኮል፣ በእንጨት ዘንግ የሚፋቀው ክብ ስሌት ኮል፣ አፍ ውስጥ የሚገባው ዲያፍራም። ዲያፍራሙን ለሚቀጥለው ዓመት ተዉት። ያስታውካል፣ ለመድኩት ሲባል ደግሞ እንደ ዳክዬ ነው የሚጮኸው። በቦክስ ጀምሩ፣ ስሌት ጨምሩ።

ቦክስ ኮል፦ በመዳፋችሁ ላላ አድርጋችሁ ያዙት፣ አትጨብጡት፤ ከጨበጣችሁት ድምፁ ይታፈናል። ክዳኑን አታንሱት፣ ጠርዙ ላይ አጭር አድርጋችሁ አንሸራትቱት። ለመጥሪያ ተብሎ የሚሸጠውን ሰም የሌለበት ጠመኔ ቀቡት።

ስሌት፦ ፊቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉት፣ በጣታችሁ ደግሞ አትንኩት፣ የእጅ ቅባት ድምፁን ይገድለዋል። ዘንጉን እንደ እስክሪብቶ ይዛችሁ ጫፉን ሳታነሱ ትንንሽ እንቁላል መሰል ክብ ሥሩ።

መማር ያለባችሁ ሦስት ድምፅ ነው። ዬልፕ የተለመደው የሴቷ ጥሪ ነው፤ ከፍ ብሎ ይጀምርና ዝቅ ይላል፣ ከአምስት እስከ ሰባት ጊዜ በእኩል ምት። ክላክ አጭርና ነጠላ ናት፣ "ክ" ብላ የምትቆም። ፐር ረጋ ብላ ስትለቅም የምታሰማው ለስላሳ ርግብግብ ድምፅ ነው። ፐት ደግሞ የአደጋ ድምፅ ነው፤ ሹልና ደረቅ። ክላክን በጣም ካከረራችሁት ፐት ይሆናል፣ በዚያች ጠዋት ሁሉ ነገር አበቃ።

ከድምፁ ይልቅ ምቱ ይበልጣል። የእውነት ሴት ተርኪ የተቀዳ ድምፅ አዳምጡ፣ ከዚያ ስልካችሁን አርባ እርምጃ ርቀት ላይ አስቀምጣችሁ ራሳችሁን ቅዱ። እጃችሁ ላይ አስቀያሚ የሆነው ድምፅ ከሩቅ ደህና ሊሆን ይችላል። በየቀኑ አሥር ደቂቃ፣ መኪና ውስጥ። ቤት ውስጥ የሞከረ ሰው ምን እንደሚገጥመው አልነግራችሁም።

ለልጁ በጣት የሚገፋ ትንሽ ሳጥን አለ፣ ዋጋው ርካሽ ነው፣ ክላክ በቀላሉ ይወጣዋል። ስጡት። ሥራ ያለው ልጅ አይሰለችም።

ደረጃ 5፦ ዋዜማ

ምሽት ላይ ዶሮ ሲሰፍር ያለውን ሰዓት ጠብቃችሁ ከሩቅ ሁኑና አዳምጡ። ሲበሩ የክንፋቸው ድምፅ ይሰማል፣ ቅርንጫፍ ሲሰብሩም። የትኛው ዛፍ እንደሆነ ካወቃችሁ ድምፅ ሳታሰሙ ውጡ።

የግል መሬት ከሆነ ተጣጣፊውን መደበቂያ ድንኳን ከሁለትና ሦስት ቀን በፊት ትከሉት። ከልጅ ጋር ሆኖ ድንኳን ሳይኖር ማደን አልመክርም። ተርኪ ሽታ አያውቅም ማለት ይቻላል፣ ዓይኑ ግን ጉድ ነው፤ ቀለም ይለያል፣ ራሱን ሳያዞር የሚያየው ብዙ ነው። የድንኳኑን የኋላ መስኮት ዝጉ፣ ውስጥ ጥቁር ልብስ ልበሱ። ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ አትልበሱ፣ ካልሲም ቢሆን። የአውራ ተርኪ ራስ በነዚህ ቀለሞች ነው የሚታየው፣ ሌላ አዳኝ ተሳስቶ ሊተኩስባችሁ ይችላል።

ቦርሳ ውስጥ፦ ውሃ፣ ድርብ ካልሲ፣ መቀመጫ፣ የሽንት ጠርሙስ፣ የደበዘዘ ባትሪ፣ ብርቱካናማ ቬስት። ምግብ በጨርቅ ከረጢት ይሁን፤ ፕላስቲክ ይንኮሻኮሻል። ዳቦ ቆሎ ልጄ ይወዳል፣ ጸጥታ ውስጥ ግን ሲቆረጥም ጠጠር እንደሚፈጭ ወፍጮ ነው፤ ለስላሳ ዳቦ አስይዙት። ለመዥገር ልብሱን ፐርሜትሪን አስቀድማችሁ ረጭታችሁ አድርቁት፣ ቆዳ ላይ እንዳይቀባ።

ደረጃ 6፦ ጠዋቱ በቅደም ተከተል

1. ፀሐይ ከመውጣቷ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ድንኳን ውስጥ ሁኑ። ከቆጡ ወደ 150 ያርድ ራቁ። አዋቂ ብቻውን 100 ሊጠጋ ይችላል፣ ልጅ ይዞ ግን አይሆንም።

2. ዲኮይዋን (ማታለያ የሆነችውን ሐሰተኛ ሴት ተርኪ) ከድንኳኑ 15 እርምጃ ላይ ትከሉ፣ ፊቷን ወደ እናንተ አዙሩ። 25 ያርድ ላይ አንድ እንጨት ሰክታችሁ ለልጁ አሳዩት፦ "ከዚያ ማዶ ያለውን አንተኩስም።" የሕዝብ መሬት ላይ የወንድ ዲኮይ አትጠቀሙ፣ ዲኮይን ሁሉ በከረጢት ተሸፍኖ ተሸከሙ።

3. አውራው ቆጡ ላይ ሲጮህ አትቸኩሉ። ጫካው ሲገረጣ ሦስት አራት ለስላሳ ዬልፕ፣ እንቅልፏ እንዳልለቀቃት ሴት። ከመለሰ መጥሪያውን መሬት ላይ አስቀምጡ። አዎ፣ አስቀምጡ። ቆጡ ላይ እያለ ብዙ ከጠራችሁት እዚያው ሆኖ ሴቷን ይጠብቃል፤ በተፈጥሮ የሚሄደው እሷ ናት እንጂ እሱ አይደለም።

4. የክንፍ ድምፅ ስትሰሙ ወርዷል። እናንተም ባርኔጣችሁን ጭናችሁ ላይ ቶሎ ቶሎ መታ መታ አድርጉ፣ ቀጥላችሁ ደህና ዬልፕ፣ ሰባት ያህል። ከዚያ ዝም።

5. እየጮኸ ከቀረበ ምንም አትጨምሩ። ቆሞ ከቀረ አሥራ አምስት ደቂቃ ጠብቁ፣ ክላክና ፐር፣ በእጃችሁ ደግሞ ቅጠሉን ጫሩት፦ ጭር፣ ጭር፣ ዝም፣ ጭር። እንደ እኔ ከሆነ ይህ ከሁሉም መጥሪያ ይበልጣል፣ ዋጋም የለውም።

6. ራሱ ሲታይ ልጁ ጉንጩን ሰደፉ ላይ ያሳርፍ። ጆሮው ላይ በሹክሹክታ አውሩት፣ "ተንፍስ፣ ገና ነው" እያላችሁ። ትንፋሹ ሲቆራረጥ ይሰማችኋል፣ ጉልበቱም ይንቀጠቀጣል። ያ ጤና ነው።

7. ሲጀነን አንገቱ ላባው ውስጥ ይሰምጣል፣ ያኔ አይተኮስም። ጺሙን አይታችሁ፣ ከኋላው ሌላ ወፍ ወይም ሰው አለመኖሩን አረጋግጣችሁ አንድ ክላክ አሰሙ። አንገቱን ያሰግጋል። "አሁን።" ዒላማው መላጣው አንገት ከላባው የሚገናኝበት ነው።

8. እንደተተኮሰ ሴፍቲ ተመልሶ ይቆለፍ፣ ጠመንጃውን ተቀበሉት፣ ከዚያ ነው መነሳት። ልጅ ዘሎ ሊሮጥ ይፈልጋል፣ ያዙት። ወፉ ይንፈራገጣል፣ እግሩ ላይ ያለው እሾህም ይቧጥጣል፣ ስለዚህ አንገቱን ረግጣችሁ ጠብቁ። በእምነታችሁ የምትሉት ካለና ወፉ ገና በሕይወት ካለ ቢላዋው ከቦርሳ ሥር ሳይሆን ወገባችሁ ላይ መሆን አለበት።

ደረጃ 7፦ ሲበላሽ

አውራው ሴቶቹን ተከትሎ ከሄደ። እሱን ተዉት፣ ሴቷን ጥሩ። እሷ የምትለውን መልሳችሁ እንደ አፏ በሏት፣ ተናድዳ ልትመጣ ትችላለች፣ እሱም ከኋላዋ። ካልሆነ ልጁን አሳርፉትና ጠዋት 3 ወይም 4 ሰዓት ላይ ወደ መጀነኛው ቦታ ተመለሱ። ሴቶቹ ወደ ጎጇቸው እየሄዱ ሲተዉት ብቸኛ ይሆናል፣ ያኔ ጥሪ ይሰማል።

60 ያርድ ላይ ቆሞ ካልቀረበ። ብዙ ጊዜ በመካከላችሁ ጅረት፣ አጥር ወይም ቁጥቋጦ አለ። ፊታችሁን ወደ ኋላ አዙራችሁ ቀስ ብላችሁ ጥሩ፣ ሴቷ የምትርቅ እንዲመስለው፣ ከዚያ ሃያ ደቂቃ ዝም። ልጁ "ልተኩስ?" ይላል። አይሆንም። የተከልነው እንጨት የት ነው?

ድንገት ዝም ካለ። ሄደ ብላችሁ አትነሱ። ሳይጮህ የሚመጣ አውራ ብዙ ነው። ሰዓት ተመልክታችሁ ሠላሳ ደቂቃ ቆዩ። ያበላሸኋቸው አብዛኞቹ ጠዋቶች ቶሎ የተነሳሁባቸው ናቸው።

ልጁ ካስነጠሰ ወይም ከተንቀሳቀሰ። ባላችሁበት ድርቅ በሉ። አውራው ፐት ካላለ አንድ ለስላሳ ክላክና ፐር ያረጋጋዋል። ልጁን አትቆጡት፣ ቢያንስ ወፉ እስኪሄድ።

ዝናብ ከጣለ። ቦክስና ስሌት ሲረጥቡ አይሠሩም፣ በፕላስቲክ ጠቅልሉ። ተርኪ በዝናብ ወደ ክፍት ማሳ ይወጣል፣ እናንተም ወደዚያው። መብረቅ ካለ ቤት።

ሌላ አዳኝ ከመጣ። እጅ አታወዛውዙ፣ የተርኪ ድምፅም አታሰሙ። ሳትነሱ ጮክ ብላችሁ በሰው ድምፅ "ሰው አለ!" በሉ፣ በእንግሊዝኛ ይሁን እንጂ። በተቃራኒው እናንተም የሚጮህ ተርኪ ሰምታችሁ ተደብቃችሁ አትጠጉት፣ የሚጮኸው ሰው ሊሆን ይችላል።

ከሳተ። ባለበት ሴፍቲ፣ ጠመንጃውን ተቀበሉ፣ ሄዳችሁ ላባና ደም ፈልጉ። የቆሰለ ከሆነ እስከመጨረሻው ተከተሉ፣ የዚያን ቀን ሥራችሁ እሱ ነው።

መተኮስ ካልፈለገ። የኔ ልጅ በመጀመሪያው ዓመት 18 ያርድ ላይ የቆመ አውራ እያየ "አባዬ ይለፍ" አለኝ። አለፈ። አንድ ቃል አልተናገርኩም፣ ምንም እንኳ ሆዴ ቢቃጠልም። በዓመቱ ራሱ ቀሰቀሰኝ።

ደረጃ 8፦ ከመኪናው በፊት

የታግና የምዝገባውን ነገር መመሪያው እንደሚለው እዚያው ጨርሱ። ወፉን በብርቱካናማው ቬስት ጠቅልላችሁ ተሸከሙት፤ ክንፉ እየተወዛወዘ በጫካ ውስጥ መሄድ ራስን ዒላማ ማድረግ ነው። ሆድ ዕቃውን ቶሎ አውጡ፣ ቀኑ ከሞቀ በረዶ ውስጥ አድርጉት።

የዱር ተርኪ እንደ ሱቁ አይደለም። ደረቱን ቀጭን ቀጭን አድርጋችሁ ቶሎ ጥበሱት፣ ከቆየ ይደርቃል። እግሩ ጅማታም ስለሆነ ለወጥ ነው፣ ሽንኩርቱ ውስጥ ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ፍሬ ሊኖርበት ስለሚችል ስታወጡ በጣታችሁ ዳስሱት።

ቤት ስትደርሱ ልጁን ወደ መታጠቢያ። ብብት፣ ጉልበት ማጠፊያ፣ ከጆሮ ጀርባ፣ የፀጉር ሥር፣ መዥገር ፈልጉ። ከተገኘ በሹል መቆንጠጫ ቆዳው ጋ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት፣ አትጠምዝዙት፣ ቀኑንም ጻፉ። በሚቀጥሉት ሳምንታት ሽፍታ ወይም ትኩሳት ካየ ወደ ሐኪም ይሂድ። ልብሱን መጀመሪያ በማድረቂያው ውስጥ በከፍተኛ ሙቀት አዙሩት፣ ማጠቡ ከዚያ በኋላ ነው።